ጸሎት ወይስ ሙግት? «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን እንደገና ማንበብ

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ወራሪ መንግሥት የምሥራቅ ኢትዮጵያ ጳጳስ የነበሩትን አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ደብድቦ ገደላቸው። አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ ቢጠየቁ እምቢ ማለታቸው የታወቀ ነው። ይህን ታሪክ ሁለት ታላላቅ ጸሐፌ ተውኔቶቻችን በየፊናቸው ጽፈውታል። ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» ሲሉት፣ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ሰየመው። ርእሶቹ ብቻ እንኳ የሁለቱን መንገድ ይለያሉ። የመጀመሪያው የአቤልን ደም ያስታውሳል፤ የሚሰማው ድምፅ ከሞት በኋላ ያለው ነው። ጸጋዬ ግን ከሞት በፊት ያለችውን ሰዓት መረጠ፤ ሰውየው ገና ምን እንደሚሆን ያልለየባትን።

በዚህ አጭር መጣጥፍ የማነሣው የጸጋዬን መነባንብ ነው፤ ከተውኔቱ ተለይቶ «እሳት ወይ አበባ» በተባለው መድበል ውስጥ የሚገኘውን። እንደሚታወቀው በመነባንቡ ጴጥሮስ እመ ብርሃንን ይወቅሳል። ለምን አገሪቱን እንደተወቻት ይጠይቃታል፤ መፍራቱንም አይሸሽግም። በየዓመቱ ይህን ሳስተምር ከተማሪዎቼ ገሚሱ «እዚህ ላይ እምነቱ ላልቷል» ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ በየበዓሉ ሲፎከርበት ስለሰሙ ፍርሃቱ ጨርሶ አይታያቸውም። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ርእሱን እንመልከት። «አቡነ» የሚለው ማዕረግ የለም። እኔም እዚህ ታሪካዊውን ጳጳስ «እርሳቸው» ብዬ ገጸ ባሕርዩን «እሱ» የምለው በድፍረት አይደለም፤ ባለቅኔው ራሱ ማዕረጉን አውልቆታልና። ማዕረጉ ሲወልቅ የሚቀረው ስም ደግሞ የሐዋርያው ስም ነው። የቀደመው ጴጥሮስ ያቺ ሰዓት በመጣች ጊዜ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ እንደካደ ወንጌል የሰማ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ርእሱ ከመነሻው ክህደትን የሚቻል ነገር አድርጎ ያቀርባል። የማይፈራ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰዓቲቱ «ያቺ» ለመባል ባልበቃች ነበር።

ወደ ወቀሳው ስንመለስ፣ እኔ የማነበው እንደ ሙግት ነው። በአገራችን ትውፊት ኢትዮጵያ ለድንግል ማርያም በአሥራትነት የተሰጠች አገር ናት፤ የካቲት 16 ቀን የምናከብረው ኪዳነ ምሕረትም ስሙ እንደሚነግረን ውል ነው። ውል ያለው ሰው ደግሞ ውሉ ሲጓደል አቤት ይላል። ጴጥሮስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የኢጣልያን ዳኞች ሙግቱን ሊያሰማቸው የሚገባ አድርጎ አይቆጥራቸውም፤ ፊቱን የሚያዞረው ከእነሱ በላይ ወዳለችው ዋስ ነው። መንግሥት በሞት ሊቀጣው እየተዘጋጀ ሳለ እሱ ከመንግሥቱ ጋር አይከራከርም፤ ክርክሩን ወደማይፈርስ ችሎት ወስዶታል። እምነት የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ክስ ሊመሠርት አይችልም፤ ማንን ይከሳል?

ለዚህ ንባብ ያበቃኝ መጽሐፍ ብቻ አለመሆኑን መናገር ይኖርብኛል። ከመወለዴ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ አጎቴ ታስሮ ነበር። አያቴ በየቀኑ ስንቅ ትወስድለት ነበርና አንድ ቀን በሩ ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ሬሳ አልተሰጣትም፤ ልቅሶም አልተቀመጠችም። እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ በየወሩ በ21 ይዛኝ ማርያም ትሄድ ነበር። ወደ ውስጥ አትገባም። ከአጥሩ ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ጾሜን በላሽ፣ ስለቴን ተቀበልሽ፣ ልጄን የት ጣልሽው?» ትል ነበር፤ ጮክ ብላ፣ ሰው እየሰማት። አንድ ቄስ «እማማ፣ ይህ ድፍረት ነው» ቢሏት «አባቴ፣ እርስዎ ምን አገባዎት? ከእሷ ጋር ነው የምነጋገረው» አለቻቸው። ቄሱን አንቱ፣ እመቤታችንን አንቺ። አማርኛችን ለሹም የሚሰጠውን አንቱታ ለድንግል አይሰጥም፤ አንቺ የሚላት እንደ እናት ነው። ጴጥሮስም ሰው ሁሉ «ብፁዕ አባታችን» የሚለው ሰው ሆኖ ሳለ በእሷ ፊት ከብት ይጠብቅበት ወደነበረው ልጅነቱ የሚመለሰው በዚህች በአንቺታ በኩል ይመስለኛል። የልጅነቱ ትዝታ ብዙዎች እንደሚሉት ለውበት የገባ ጌጥ አይደለም፤ የሙግቱ ማስረጃ ነው። «ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታውቂኛለሽ» እንደማለት ነው።

ሥራው እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አውሮጳን የሚከስባቸው መስመሮች በሞት ደጃፍ የቆመ መነኩሴ አንደበት አይመስሉኝም፤ የ1960ዎቹ ምሁር ከኋላ ቆሞ ሲናገር እሰማበታለሁ። እዚያ ላይ «አንቺ» ትደበዝዝና ንግግሩ ለአዳራሽ ይሆናል። ፎካሪዎቹም ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት በአብዛኛው እዚሁ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬን፣ መነባንቡን በቃሉ የሚወጣውን፣ ተቀምጦ፣ እጁን ሳያወናጭፍ፣ ከጎኑ ላለች ሰው እንደሚናገር ሆኖ እንዲያነበው ለመንሁት። ግማሽ ያህል እንደደረሰ ፍርሃቱን ከሚናገርበት ስፍራ ላይ ቆመ። ረስቶት መስሎኝ ቀጣዩን ቃል ላቀብለው ስል «አልረሳሁትም» አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶም ከዚያው ቀጠለ።