ቤት ድረስ የሚመጣ የጥርስ ሐኪም

በጃፓን ከቤት መውጣት ላቃታቸው አረጋውያን የጥርስ ሐኪሙ ራሱ ደጃቸው ድረስ ይሄዳል። ይህን ልማድ ከልቤ አደንቃለሁ። ሐኪሙና የአፍ ንጽሕና ባለሙያዋ ተንቀሳቃሽ መሣሪያቸውን፣ ምራቅ መምጠጫና መብራታቸውን ይዘው ይገባሉ፤ የላላውን ሰው ሠራሽ ጥርስ አልጋው አጠገብ ያስተካክላሉ፤ ድድና ምላስ ያጸዳሉ፤ ምግብ ትን እንዳይላቸውም አዋዋጣቸውን ይመረምራሉ። የሕዝብ የጤና መድኑ በመርሕ ደረጃ ከክሊኒኩ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ላለው ጉብኝት ይከፍላል።

ጥቅሙ ከጥርስ ያልፋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጃፓን ጥናት፣ በመጦሪያ ቤት አፋቸው በወጉ የሚጸዳላቸው አረጋውያን በሳንባ ምች የሚያዙት ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። አገልግሎቱ ባይኖር ብዙዎች ሕመማቸውን ችለው፣ የሚወዱትን ምግብ ትተው ይቀሩ ነበር። አረጋዊ የምትጦሩ ሁሉ፣ አፋቸውንም አደራ።