ማን ለማን አለው?

የደራሲ ጥቅስ ስንወድ ለጉድ ነው። ታክሲው፣ ሻይ ቤቱ፣ የተማሪው ደብተር ሽፋን፣ አሁን ደግሞ የእጅ ስልኩ «ሕይወት እንዲህ ናት፣ እምነት እንዲያ ነው» በሚል ቃል ተሞልቷል። ከሥሩ ስም አለ፤ ሼክስፒር፣ ቶልስቶይ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ። ከየትኛው መጽሐፍ ነው ቢሉ መልስ የለም። ለነገሩ ጠያቂም የለም! ባለቤት የጠፋው ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ገብረ ሐና እንደሚሰጠው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ጉንደ ወይን ላይ ተለጥፎ ሳየው ግን ይበልጥ ይከነክነኛል። ከተማዋ ያለችው በቅኔ አገር ነው። ደብረ ወርቅ ጎረቤቷ ነው፣ ዲማ ጊዮርጊስም ሩቅ አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙባቸው ደብሮች ናቸው። በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ ሸምድዶ የራሴ ነው ማለት ነውር ነው፤ ተማሪው አዲስ መቁጠር አለበት። የታላላቆቹም ቅኔ ሲነሣ ባዶውን አይነሣም። ማን ተቀኘው? በማን ፊት? ምን ቢደረግ? ይህ ካልተነገረ፣ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና እንኳ ሰሟን ይዛ ትቀራለች እንጂ ወርቋን አትሰጥም።

ልብ ወለድስ ምን ለየው? በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ የሚናገረውን ቆርጠን እናወጣና ከሥሩ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ብለን እንጽፋለን። የጻፉትስ እሳቸው ናቸው፤ ተናጋሪው ግን አገሩ እብድ ያለው ሰው ነው። የሚናገረው በገዛ ዘመዶቹ ወግና ትዕቢት ላይ ነው፤ «ጉዱ» የሚለውን ስምም ያተረፈለት ይኸው አፉ ነው። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ያ ሁሉ ዋጋ ይቀርና ቃሉ ነጻ ይሆናል። ሠራተኛው አፉን ሲከፍት የሚቆጣ አለቃ ከወንበሩ በላይ ቢሰቅለውም አያፍርበትም።

በእምነት ነገርማ ይብሳል። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲኖርላቸው ብለው በብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ክፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም የፍቅር ብዛት ነው። ልጁ ግን አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የወላጆቹ ቃል አንቆ ይይዘዋል። አንባቢው ወላጆቹን መጥላት ያቅተዋል፤ ልጁንም መኮነን አይችልም። ይህን የሚያህል ጣጣ በየትኛው አንድ መስመር ልንጽፈው ነው? «እምነት ጽናት ነው» ብለን ብንለጥፍ የበዛብህን ጭንቅ ሰርዘን ስእለቱን ብቻ አስቀረን ማለት አይደለም?

አንዳንዱ «ሰው ጊዜ የለውም፣ አጭር ነገር ይሻላል» ይላል። እኔ አልቀበለውም። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር እስከ መጨረሻው ተከታትሎታል። መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ ፊታውራሪ መሸሻን የሚያውቅ፣ ለሰብለ የሚያዝን ሰው ሞልቶ ነበር።

ዛሬ በሐዲስ አገር «ስለ ደራሲው ጻፉ» የተባለ ተማሪ ሦስት ጥቅስ ገልብጦ ያስረክባል፤ መምህሩም ማርክ ይሰጠዋል። «ጉዱ ካሳ ይህን ሲል ማን ይሰማው ነበር?» የሚል ጥያቄ ፈተናው ላይ የለም።