ርካሽ ቤዝ ላይ የእጅ ሥራ ሲፈለግ

ርካሽ ቤዝ ጊታር እጄ ሲገባ ከአምፕ ጋር ሳላገናኘው በፊት የአንገቱን ጠርዝ እዳስሳለሁ። አውራ ጣቴን ነቱ፣ ማለትም ክሮቹ በአናቱ በኩል የሚያርፉበት ቁራጭ፣ ሥር አሳርፌ እስከ መጨረሻው ፍሬት ድረስ ቀስ ብዬ አንሸራትታለሁ፤ ከዚያ በሌላው ጎን እመለሳለሁ። የፍሬት ሽቦዎቹ የሚያልቁት እዚህ ነው። ባለ 20 ፍሬት አንገት 40 ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ ደግሞ ሁለት ማዕዘን። ጫፎቹን በረጅም ሞረድ አንድ ላይ ዘንበል አድርጎ መቁረጥ ቶሎ ያልቃል። 80ዎቹን ማዕዘኖች ግን በቀጭን ሞረድ አንድ በአንድ፣ እንጨቱን ሳይነኩ ማለዘብ ያስፈልጋል። ይህ ሰዓት ይፈጃል፤ ሰዓቱም ደመወዝ ይከፈልበታል። ስለዚህ ጣቴ ብረት ሳያገኝ ተንሸራቶ ከወረደ፣ አንድ ሠራተኛ ለዚያ ጊታር ጊዜ እንደሰጠው አውቃለሁ። ቀሪውን የምመረምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የርካሽ ቤዝ ዋጋ መመዘን ያለበት ይህ ሰዓት ምን ያህል እንደገባበት በማየት ነው ባይ ነኝ። ሌላው ነገር በአብዛኛው ተመሳስሏል። ዛሬ ገላውንም አንገቱንም የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ነው፤ ማሽኑም የ300 ዶላሩን ጊታር ከ2000 ዶላሩ ባነሰ ጥራት አይቆርጥም። የፍሬቶቹ ቦታ በሁለቱም ላይ ልክ ነው። ክሩ ከነት እስከ ብሪጅ ያለው ርቀትም 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ያው ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ማሽኑ ቆሞ የሰው እጅ ሲረከብ ነው።

ቤዝ ጊታር ከጥንቱም ለፋብሪካ የታሰበ መሣሪያ ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ውስጥ ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ ከሬዲዮ ጥገና የመጣ ሰው ነበር፤ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። የነደፈው ጠፍጣፋ ገላ ነው፤ አንገቱ ከኋላ በአራት ብሎን ይታሰራል፤ የተበላሸው ክፍል በካቻቢቴ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። ኮንትራባስን ለዘመናት የሠሩት ሰዎች ሲያዩት አናጢ የገጣጠመው ጣውላ ሊመስላቸው ይችል ነበር። በዚህ ምክንያት የዛሬው ርካሽ ቤዝ የክቡር መሣሪያ ርካሽ ቅጂ ነው የሚለውን አልቀበልም። አሠራሩ ለዚሁ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1982 ስኳየር የሚለውን ስም በጃፓን ለሚሠሩ ረከስ ያሉ ጊታሮች ሲያውለው፣ ማትሱሞቶ ከተማ ውስጥ የፉጂጄን ፋብሪካ ሠራተኞች የሠሯቸው የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጓቸው ሆነዋል። ንድፉ ያው የአሜሪካው ነበር። የጨመሩበት ጥንቃቄ ነው።

አሁን ያ ሥራ በብዛት ወደ ኢንዶኔዥያና ቻይና ሄዷል። የደቡብ ኮሪያው ኩባንያ ኮርት ጃቫ ደሴት ላይ፣ ሱራባያ ውስጥ ያለው ፋብሪካው ለራሱም ለሌሎች ብዙ ስሞችም ይሠራል። ሱራባያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ አየሯ እርጥብ ነው። እዚያ የተስተካከለ አንገት 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ መጥቶ የጥቅምትና የኅዳር ደረቅ ነፋስ ሲያገኘው እንጨቱ ይኮማተራል። ሽቦው አይኮማተርም። ሱቅ ሲገባ ለስላሳ የነበረው ጠርዝ በጥር እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጭረው ለዚህ ነው። ገዢው ፋብሪካውን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የእንጨት ጠባይ ነው፤ ሞረድ የያዘ ሰውም ያስተካክለዋል። የፍሬት ሰሌዳው እንጨት ራሱ ሊታይ ይገባዋል። የሮዝውድ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስለተደረገበት ብዙ ርካሽ ጊታሮች የሕንድ ሎረል ወደሚባለው እንጨት ዞረዋል። ሎረል ፈዘዝ ያለ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ሰፋ ያሉ ናቸው። ደርቆ ግራጫ መስሎ ከታየ ቀለል ያለ የሰሌዳ ዘይት ይቀባና ይጠረጋል፤ ያኔ መልኩም ጤናውም ይመለሳል።

ጠርዙ ካለፈ አንገቱን እንደ ጠብመንጃ ከአናቱ በኩል አነጣጥሮ ማየት ይከተላል። አራቱ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ አንገቱን ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይስቡታል፤ ያንን የሚቋቋመው ውስጡ የተቀበረው ትረስ ሮድ የሚባለው ብረት ነው። የኢን ክር በአንድ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ላይ ተጭኖ መሃል ሰባተኛው ፍሬት ጋ ያለውን ክፍተት ማየት ነው። ሲሶ ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሰፋ ሮዱ ይጠብቃል። ሮዱ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ክፍተቱ አሁንም ሰፊ ከሆነ ግን ጊታሩን መልሶ መስቀል ነው፤ የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንሱ አልገዛውም።

የፍሬቶቹን ከፍታ ደግሞ በባንክ ካርድ ጠርዝ መፈተን ይቻላል። ካርዱን ሦስት ፍሬቶች ላይ አስደግፎ መነቅነቅ፤ ከተወዛወዘ መሃለኛው ከፍ ብሏል። ይህ በእኛ ሙዚቃ ላይ ቶሎ ይሰማል። ኢቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራውን «ኧረ መላ መላ» የሰማ ሰው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ እንዴት አንድን ሐረግ እየዞረ እንደሚመላለስበት ያስታውሳል። ቅኝታችን ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ የቤዙ ሐረግ አጭር ነው፤ እጅ ከጥቂት ፍሬቶች አይርቅም። ከነዚያ አንዱ ከፍ ብሎ ክሩን ካንቀጫቀጨ በአንድ ዘፈን ውስጥ ጆሮ ስንት ጊዜ እንደሚያገኘው መገመት ነው። ብዙ ኮርድ እየቀያየረ አንገቱን ሁሉ በሚያካልል ሙዚቃ ውስጥ ያው ጉድለት ሊሸሸግ ይችላል። የእኛ ግን ደጋግሞ ያወጣዋል።

ዋጋ ጨምሮም የማያመልጡት ጉድለት አለ። በፌንደር ዓይነት ቤዞች ላይ የጂን ክር ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት ድረስ አንድ በአንድ ይምቱና ያቆዩት፤ አንዱ ድምፅ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ሲሞት ይሰማል። ክሩ በዚያ ድግግሞሽ ሲንቀጠቀጥ አንገቱ አብሮት ይንቀጠቀጥና ጉልበቱን ይወስድበታል። አምስተኛው ፍሬት ሲ ነው፤ ትዝታን ከሲ ለሚጫወት ሰው ማረፊያው ድምፅ ማለት ነው። ውድ የአሜሪካ ቤዝም ይህ አለበት። አናቱ ላይ ትንሽ ክብደት ሲታሰርበት ሙት ቦታው ወደ ሌላ ድምፅ ይሸሻል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት ሁለት ቤዝ ካለ ሁለቱንም በዚህ መፈተን ይገባል። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወር የወጡ ሁለት አንገቶች እዚህ ላይ አይመሳሰሉም። ሻጩ ቢሰላችም ጊዜ ይውሰዱበት።

የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ፒካፕ ብዙ ይወራል፤ እኔ ብዙም አልጨነቅበትም። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሴራሚክ ማግኔት አላቸው፤ ድምፃቸው ጠንከር ይላል፤ በዚያ ጥሩ ሲጫወቱ ሰምቻለሁ። ሊታሰብበት የሚገባው የጩኸቱ ነገር ነው። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1957 የፕሪሲዥንን ፒካፕ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን እርስ በርስ የመብራት እምታን እንዲሰርዙ አደረጋቸው፤ ይህን የተከተለ ርካሽ ቤዝ ሁልጊዜ ጭር ያለ ነው። ባለ ሁለት ፒካፑ የጃዝ ቤዝ ዓይነት ግን አንዱ ቮልዩም ሲቀነስ እምታው ይመጣል። ሶኬቱ ኤርዝ በሌለው አዳራሽ ለሚጫወት ሰው ይህ ከማግኔቱ ዓይነት ይበልጣል። ቮልዩሙን ሲያዞሩ ቢንጫጫ ወይም ጃኩ ቢላላ አያስደንግጥ፤ ሳልዳቶ የያዘ ሰው በትንሽ ገንዘብ ይቀይረዋል።

ፋብሪካው አብዛኛውን ጊዜ ሳይጨርስ የሚተወው ነቱን ነው። የክሮቹ መቀመጫ ትንሽ ጠልቆ የተቆረጠበት ነት ክፍቱን ክር ያንጫርራል፤ መጣልና አዲስ መግጠም ይጠይቃል። ትንሽ ከፍ ብሎ የቀረ ግን ጊታሩን ለፋብሪካው አያስመልስም። ስለዚህ በርካሾቹ ላይ ሆን ተብሎ ከፍ ብሎ ይተዋል። የኢን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭነው የመጀመሪያውን ፍሬት ከላይ ሲያዩት በክሩና በሽቦው መካከል የወረቀት ያህል ክፍተት ከታየ ልክ ነው። ከዚያ ከበለጠ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ ወደ ላይ ይስታል፤ የግራ እጅም ይደክማል። ቀጭን ክብ ሞረድ ያለው ባለሙያ በአራት መቀመጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ብሪጁን ያወርድና 17ኛው ፍሬት ላይ ኢን 2.4፣ ጂን 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያደርሳቸዋል። 12ኛው ፍሬት ላይ የተጫኑት ድምፅና የሃርሞኒኩ ድምፅ እስኪገጥሙም የብሪጁን ኮርቻዎች በካቻቢቴ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ለዚህ ባለሙያ የሚከፈለውን ከጊታሩ ዋጋ ጋር ደምረው ከጊታር ቤት ይውጡ፤ እሱን ሳይጨምር የተባለ ዋጋ ገና ያላለቀ ዋጋ ነው።