ብዕርና እንጀራ፦ ዐቤ ጉበኛን እንደገና ለመመዘን

በአማርኛ ልብ ወለድ ላይ የሚጻፉ ሂሶች ስለ ገጸ ባሕርያት አሳሳል፣ ስለ ታሪክ አወቃቀርና ስለ ቋንቋ ብዙ ይላሉ። ደራሲው መጽሐፉን በሚጽፍባቸው ወራት ከየት እየበላ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ሂስ ግን እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው የጓዳ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚቆጠር ይታለፋል። ይሁንና የድርሰቱ ርዝመትና እጥረት፣ ድፍረቱና ጥንቃቄው፣ ትዕግሥቱና ጥድፊያው አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። ለዚህ ከማንም ይልቅ ምስክር የሚሆነው የዐቤ ጉበኛ ሥራ ነው። ዐቤ በሂስ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ «ለፍላፊ»፣ «ሰባኪ»፣ «ቅርጽ የማይጨነቅ» እየተባለ የሚታለፍ ደራሲ ነው። በአንባቢ ዘንድ ግን ስሙ ከነድፍረቱ ይነሣል። ይህ የሂስና የአንባቢ ልዩነት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የደራሲውን ኑሮ ከድርሰቱ ጋር አያይዞ ማየት ያስፈልጋል።

ዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በደመወዝተኞች እጅ የተወለደና በደመወዝተኞች እጅ ያደገ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በዚያ ላይ የራሳቸው ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ከበደ ሚካኤል በተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግለዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ። መንግሥቱ ለማ በሲቪል አቪዬሽንና በኒው ዴልሂ ኤምባሲ ሠርተዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የብሔራዊ ቴአትር ኃላፊ ነበር። በዓሉ ግርማ የመጽሔትና የጋዜጣ አዘጋጅ፣ በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። ይህ ሰዎቹን የሚያስነቅፍ አይደለም። ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት፣ ከዚያም ውስጥ መጽሐፍ የሚገዛው የጥቂት ጥቂት በነበረበት ኅብረተሰብ፣ የመጽሐፍ መደብርም ከአዲስ አበባና ከጥቂት ከተሞች ውጭ በማይታወቅበት ዘመን፣ ብዕር ለብቻው ቤተሰብ ያስተዳድራል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ይመስል ነበር። ደራሲው ቀን የመንግሥት፣ ሌሊት የራሱ ሆኖ ይጽፋል፤ መጽሐፉ ቢሸጥ ደስታ፣ ባይሸጥ የወሩ ደመወዝ አለ።

ዐቤ ጉበኛ ይህን ሥርዓት ለመጣስ ከሞከሩት ቀደምት ደራስያን አንዱ ነው። በጎጃም ተወልዶ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በተለይም በቅኔ ታንጾ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ይህ ሰው በማስታወቂያና በጤና ጥበቃ ሚኒስቴሮች በጋዜጠኝነት ሠርቷል። ከዚያም የመንግሥት ሥራውን ትቶ በድርሰቱ ገቢ ብቻ ለመኖር ቆረጠ። ልብ ወለድ፣ ተውኔት፣ ግጥም፣ ትርጉም፣ በእንግሊዝኛ ሳይቀር ጽፏል። በዝርዝሩ ላይ ያለው መደበላለቅ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ በአንድ ማሳ ብቻ የሚያርስ ገበሬ ዝናብ ሲቀር ይራባል።

የዚህ ውሳኔ ክብደት እንዲገባን በዚያ ዘመን መጽሐፍ እንዴት ይወጣ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። አሳታሚ ማለት በአብዛኛው ራሱ ደራሲው ነው። ረቂቁን ያስተይባል፤ ለሳንሱር ያቀርባል፤ ለማተሚያ ቤት ቀብድ ይከፍላል፤ እርማቱን ራሱ ያርማል። መጽሐፉ ሲወጣም ጥቅሉን ተሸክሞ በየመደብሩ በዱቤ ያከፋፍላል። ባለመደብሩ ድርሻውን ቆርጦ የቀረውን ሒሳብ የሚያወራርደው ሲመቸው ነው። ደመወዝ ያለው ደራሲ ይህን ሁሉ እንደ ጉዳት ቆጥሮ ሊተወው ይችላል። ደመወዝ የሌለው ግን ከመደብሩ በር ላይ መቆም አለበት፤ የሚቀጥለው መጽሐፍ ቀብድ ከዚያ ነውና።

በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ስለዚህ እገዳ ሲወራ የሚነሣው ሁልጊዜ ፖለቲካው ነው፤ ትክክልም ነው። ዳሩ ግን በራሱ ገንዘብ ለሚያሳትምና ከሽያጩ ለመኖር ለሚያስብ ደራሲ እገዳ ማለት ንብረት መወረስ ጭምር ነው። ወረቀቱ ተከፍሎበታል፤ ቀለሙ ተከፍሎበታል። ሳንሱር የደመወዝተኛውን አፍ ሲዘጋ የዐቤን ዓይነት ደራሲ አፍም ጎተራም ይዘጋል። እንዲያም ሆኖ ዐቤ መጻፉን አላቆመም። ታሰረ፣ ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ፣ ተመልሶም ጻፈ።

ወደ ድርሰቶቹ ስንመለስ፣ ሂስ የሚያቀርብባቸው ክስ በከፊል እውነት መሆኑን መካድ አይቻልም። ገጸ ባሕርያቱ ረጃጅም ንግግር ያደርጋሉ፤ ደራሲው በታሪኩ መካከል ገብቶ ይፈርዳል፤ ክፉው ክፉ፣ ደጉ ደግ ሆኖ ከመነሻው ይታወቃል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተጽዕኖ ነው። ማብራሪያው ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስዳል። በዚያው ትምህርት ያለፉ፣ ግን በደመወዝ የኖሩ ደራስያን አሉና፤ ሐዲስ ዓለማየሁም የጎጃም ቅኔ ቤት ልጅ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የታየው ትዕግሥት፣ አንድን ትዕይንት ሳይቸኩሉ እስከ ጫፉ የማድረስ ችሎታ፣ ከተሰጥኦ በተጨማሪ ከተረጋጋ ኑሮ የሚገኝ ነገር ነው። ዐቤ ይህ አልነበረውም። የእርሱ አንባቢ ከኪሱ ብር አውጥቶ የሚገዛው መምህር፣ ተማሪና የበታች ጸሐፊ ነው። ይህ ገዢ ስለ በደል የሚያንሾካሹከውን ነገር ጮክ ብሎ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። የዐቤ ንግግሮች ረጃጅም የሆኑት ደራሲው ማሳጠር ስላልቻለ ብቻ አይመስልም። ገዢው የከፈለው ለንግግሩ ነበር። ሉሙምባ በ1953 ዓ.ም. ሲገደል ስለ አሟሟቱ ተውኔት መጻፉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ወሬው በየሰዉ አፍ ላይ እያለ የሚጽፍ ሰው ብዕር ነው።

ይህን ስንል ጥድፊያን እንደ በጎነት እንቁጠረው ማለት አይደለም። ከዐቤ ገጾች መካከል ሁለተኛ ቢታዩ ኖሮ ግማሽ የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሂስ ለሌሎች የሚያደርገውን ቸርነት ለዐቤ መንፈጉ ግራ ያጋባል። በመምህራንና በተማሪዎች ዘንድ እንደ አርአያ የሚጠቀሰው ዶስቶየቭስኪ ዕድሜውን በሙሉ ለዕለት ጉርሱ በጥድፊያ የጻፈ ሰው ነበር፤ የሚከፈለው በታተመው ገጽ ልክ ነው። ከስቴሎቭስኪ አሳታሚ 3,000 ሩብል ተቀብሎ በፈረመው ውል፣ እስከ 1866 እ.ኤ.አ. ኅዳር መጀመሪያ ድረስ አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት ሥራዎቹን ያለ ክፍያ የማተም መብት ነበረው። በዚያው ዓመት «ወንጀልና ቅጣት» በመጽሔት እየወጣ ሳለ፣ ዶስቶየቭስኪ አንዲት ወጣት የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ቀጥሮ «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን በቃሉ አጻፈና ከወጥመዱ አመለጠ። ይህ ታሪክ በየመግቢያው በአድናቆት ይተረካል። የዐቤ ጥድፊያ ግን እንደ ጠባዩ ጉድለት ይቆጠራል። ልዩነቱ የችሎታ ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ነገር ግን የዶስቶየቭስኪ ጥድፊያ የሚነበብበት መጽሔት፣ የሚከፍል አሳታሚና የሚጠብቅ አንባቢ ነበረው። ዐቤ እነዚህን ሁሉ ራሱ ሆኖ መሥራት ነበረበት።

«አልወለድም» በዚህ መንገድ ሲነበብ ሌላ መልክ ይይዛል። በማኅፀን ያለው ፅንስ ከእናቱ ጋር እየተከራከረ፣ ግፍ ወደ ነገሠበት ዓለም አልወጣም ይላል። ሰሙ ፅንሱ ነው፤ ወርቁ የዘመኑ ሥርዓት ነው፤ ይህን ያልተረዳ አልነበረም፣ ያገደውም ጭምር። ከዚህ ወርቅ በታች ግን ሌላ፣ ምናልባት ደራሲው ራሱ ያላሰበው ትርጉም ይገኛል። ፅንሱ በነፃነት የሚናገረው ገና ለማንም ስላልተቀጠረ ነው፤ ነገር ግን የሚበላው በእትብቱ በኩል ነው። መናገር የሚችለው እየተመገበ ስለሆነ፣ የሚመገበው ደግሞ ስላልወጣ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ማኅፀን ውስጥ ሆኖ ሥርዓቱን በሰምና ወርቅ ሲያማ የነበረው ያ ሁሉ ደመወዝተኛ ደራሲ ከዚህ ሥዕል ምን ያህል ይርቃል? ዐቤ እትብቱን በገዛ እጁ የቆረጠ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ድርሰት ውስጥ ያለው ጩኸት የተወለደ ሰው ጩኸት ነው፤ ዜማ ባይኖረው አይገርምም።

ደመወዝም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ ሁለተኛውን ታላቅ ልብ ወለድ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን ለአንባቢ ያደረሱት በ1974 ዓ.ም. ነው። አሥራ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ ሥራና ኃላፊነት የወሰዱት ስንት እንደ ሆነ ማን ይቆጥራል? የበዓሉ ግርማ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ፤ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉን ያሳተመው መንግሥት፣ ደመወዙን የሚከፍለውም መንግሥት፣ የሚያግደውም መንግሥት ነበር። ሦስቱ በአንድ እጅ ሲያዙ ደራሲው የሚቆምበት ሌላ መሬት አይቀረውም። ዐቤ ከዚያ በፊት፣ በ1972 ዓ.ም. አርፏል።

ኩራዝ በአንድ በኩል የማሳተሙን ሸክም ከደራሲው ትከሻ ማውረዱን መዘንጋት አይገባም፤ ሥራው በድርጅት ወጪ ታትሞ ክፍያ የሚያገኝ ደራሲ በዚያ ዘመን ተፈጠረ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ፣ በተለይም ቅድመ ምርመራን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ አፉ ተከፈተ፤ ጎተራው ግን ተመልሶ የደራሲው ጣጣ ሆነ። ቀብዱ፣ ጥቅሉ፣ ዱቤው እንደ ዐቤ ዘመን ነው። የወረቀት ዋጋ ሲንር የገጹ ቁጥር ይቀንሳል፤ ከዚህ የመጣውን አጭርነት «ቁጥብነት» ብሎ ያሞገሰ ሂስም አይጠፋም።

ሕጉ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ይደነግጋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዐቤ ከሞተ ገና 50 ዓመት አልሞላም። በገበያ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ድሮ መጽሐፍ አከራይ አንድ ቅጂ ገዝቶ ለሠላሳና ለአርባ ሰው በሳንቲም ያከራይ ነበር፤ ደራሲው የሚያገኘው የአንዱን ሽያጭ ብቻ ነው። አከራዩ ቢያንስ አንዱን ገዝቶ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ሲለቀው ለሺዎች በአንድ ሌሊት ይደርሳል፤ ይህንንም የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ሥነ ጽሑፍን እንወዳለን የሚሉ ናቸው። መምህራንም በዚሁ መንገድ ለተማሪዎቻቸው ያድላሉ።

በዚህ ሁኔታ ያለ ደመወዝ ለመጻፍ የቆረጠ ወጣት ምን ያደርጋል? ጥቂቱ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይጽፋል፤ ጥቂቱ የማስታወቂያ ቃላት ያዘጋጃል፤ ብዙው ይተረጉማል። ትርጉም የሚናቅ አይደለም፤ ማሞ ውድነህ በስለላ መጻሕፍቱ ብዙ አንባቢ ከመጽሐፍ ጋር አስተዋውቋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን እየተስፋፋ ያለው የሕይወት ታሪክ ጽሕፈት ነው። ባለ ገንዘቡ ወይም ጡረታ የወጣው ሹም ይተርካል፤ ደራሲው በክፍያ ይጽፋል፤ መጽሐፉ በባለታሪኩ ስም ይወጣል፤ በትልቅ አዳራሽ ይመረቃል። የአዝማሪው ሽልማት ድሮ በአደባባይ ነበር፤ አድማጩ ውዳሴው የተከፈለበት መሆኑን እያየ ይሰማል። እዚህ ግን ክፍያው ተሰውሯል፤ አንባቢም ታሪክ ነው ብሎ ይቀበላል። አንድ ጥሩ ልብ ወለድ ሊጽፍ ይችል የነበረ ሰው ሁለት ዓመት የሌላውን ሰው ልጅነት ሲያሳምር ይቆያል፤ ከዚያም በተከፈለው ገንዘብ የራሱን ረቂቅ ለማሳተም ቀብድ ይከፍላል። እነዚህ መጻሕፍት በየመደርደሪያው እየበዙ ነው፤ ዓረፍተ ነገራቸው የተስተካከለ፣ አንዳንዱም ውብ ነው። ሂስ ግን እስካሁን ወደ እነርሱ ዘወር አላለም።