ሚያዝያ 27፦ የተመረጠ ቀን

በሬዲዮ የሚነበበው፣ በጋዜጣ ጥግም የሚታተመው «ዛሬ በታሪክ» የተሰኘው ዝርዝር አንድ ያልተነገረ እምነት ተሸክሞ ይዞራል፤ በአንድ ቀን የዋሉ ነገሮች እርስ በርሳቸው ይዛመዳሉ የሚል። በእኛ ሚያዝያ 27 የሚውለውን እ.ኤ.አ. ሜይ 5ን እንውሰድ። ካርል ማርክስ በ1818 ትሪር ከተማ ተወለደ። ናፖሊዮን በ1821 በግዞት ሳለ ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ሞተ። አላን ሼፐርድ በ1961 የመጀመሪያው አሜሪካዊ የጠፈር ተጓዥ ሆነ። ጃፓኖች በዚሁ ዕለት በዓሣ ቅርጽ የተሰፋ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ እያውለበለቡ የልጆችን ቀን ያከብራሉ። እነዚህን አንድ ገመድ አያስራቸውም፤ መደርደራቸው ከማዝናናት አያልፍም። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን ሁለት የኢትዮጵያ ክስተቶች አሉ፤ የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. መመለሳቸው። ሁለተኛው የተፈጸመው የመጀመሪያው ታስቦ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፤ የሚያዝያ 27 ድል የማን ድል ነው?

አስቀድሞ ስለ ቀን መቁጠሪያ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ሶሻሊስቱ ደርግ ሚያዝያ 27ን ከበዓልነት ሲያወጣ ሳያውቀው የማርክስን ልደት ሻረ ብሎ መቀለድ ያምራል። ቀልዱ ግን በሒሳብ አይቆምም። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ሳታጓድል ስድስት ትሆናለች፤ አውሮፓውያን ግን በ1800 እና በ1900 ተጨማሪዋን ቀን ዘልለዋታል። ስለዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሜይ 5 የሚውለው ሚያዝያ 28 ነበር፤ ማርክስም የተወለደው በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2100 እንደገና አንድ ቀን ስለሚዘለል፣ ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 27 ወደ ሜይ 6 ይሻገራል። የ«ዛሬ በታሪክ» ግጥምጥሞሽ ግማሹ እንዲህ በየጊዜው የሚፈርስ ነው።

የሜክሲኮዎቹ ሜይ 5 ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። በ1862 ጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር መልሰው መቱ። ድሉ ብዙ አልቆየም፤ በማግሥቱ ዓመት ፈረንሳዮች ኃይላቸውን አጠናክረው ተመልሰው ፑዌብላንም ዋና ከተማዋንም ያዙ። ሆኖም ቀኑ ጠፍቶ አልቀረም። በካሊፎርኒያ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ወዲያውኑ ማክበር ጀመሩ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ደግሞ የቢራ ፋብሪካዎች አገኙትና አሜሪካ ውስጥ የጭፈራና የመጠጥ ቀን አደረጉት። ዛሬ ብዙ አሜሪካዊ የሜክሲኮ የነጻነት በዓል ይመስለዋል፤ የነጻነቱ በዓል ግን ሴፕቴምበር 16 ነው። አንድ ቀን በዓል የሚሆነው በውጊያው ክብደት ብቻ እንዳልሆነ፣ አስታዋሽ ወገን ማግኘቱም እንደሚወስን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሚያዝያ 27ም አስታዋሽ አላጣም፤ ከልክ በላይም ኃያል አስታዋሽ አግኝቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲያቀኑ ከተማዋ ለዘራፊ ተጋለጠች። በሦስተኛው ቀን የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ገባ፤ ሙሶሊኒም በዚያው ምሽት ሮማ ላይ ጦርነቱ አበቃ ብሎ አወጀ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ገና መጀመሩ ነበር። አምስት ዓመት ገደማ ቆይተው ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ከብሪታንያዊው መኮንን ከዊንጌት ጦርና ከአርበኞች ጋር ጎጃምን አቋርጠው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚያችው ዕለት በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው፣ ከኬንያ ተነሥቶ በሞቃዲሾና በሐረር በኩል የገሰገሰው የብሪታንያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወጣች ማለት ነው፤ ንጉሧ ግን ገና ከዓባይ ማዶ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የታየው መዘግየት የበዓሉን ትርጉም የወሰነ ይመስለኛል። እንግሊዞች በከተማው ባሉት ጣሊያናውያን ሲቪሎች ላይ በቀል እንዳይነሣ ሰግተናል እያሉ የንጉሡን መግባት አዘገዩ፤ ሥልጣኑን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄም ከስጋቱ ጀርባ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ የገቡት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ልክ ባዶሊዮ በገባበት ቀን ነው። ይህን አጋጣሚ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በውርደቱ ቀን ላይ ድል ሲጻፍበት የስደቱ አምስት ዓመት በሁለት ሰልፎች መካከል የተቀመጠ ባዶ ቦታ ይመስላል፤ ታሪኩ በንጉሡ መውጣት ይዘጋና በንጉሡ መመለስ ይከፈታል። ወር በገባ በ27 መድኃኔ ዓለም መሆኑም ለአማኙ ሕዝብ ቀኑን አላከበደውም ማለት አይቻልም።

ደርግ ይህን ንባብ በደንብ ተረድቶታል። የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 ያዛወረው፣ ከተማዋ ነጻ የወጣችው ንጉሡ ከመግባታቸው በፊት ነው በሚል ሙግት ነበር። በቀን ስሌት ሙግቱ ትክክል ነው፤ በፖለቲካ ግን ራሱን ይቃረናል። ፀረ ኢምፔሪያሊስት ነኝ የሚለው መንግሥት ከዘውዱ ለመሸሽ ሲል የቅኝ ገዢዋ የብሪታንያ ጦር የገባበትን ቀን የኢትዮጵያ ድል አድርጎ አጸደቀ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሚያዝያ 27 ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አራት ኪሎ ያለው አደባባይም ስሙ ይኸው ቀን ነው፣ ምንም እንኳ የአዲስ አበባ ሰው አራት ኪሎ ከማለት ሌላ ባይጠራውም።

ከሁለቱ ቀናት የትኛው የአርበኞች ነው? በእኔ ፍርድ አንዱም አይደለም። መጋቢት 28 የካኒንግሃም፣ ሚያዝያ 27 የንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ አርበኞች የበዓሉን ስም ወሰዱ እንጂ ቀን አልደረሳቸውም። ምክንያቱ የመንግሥታት ስስት ብቻ አይደለም። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም ያካሄዱት ጦርነት የሽምቅ ጦርነት ነው፤ ዛሬ ይመታል፣ ነገ ይሰወራል፣ ክረምቱን በዱር ያሳልፋል። እንዲህ ያለ ትግል ለሰልፍ የሚመች አንድ ቀን አያወጣም። የካቲት 12 የተለየችው አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በመጣላቸው ነው፤ እሷም ብትሆን የምትታሰበው ከዚያ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ በሐዘን ነው።

ኔዘርላንዳውያን ሐዘኑንና ደስታውን ጎን ለጎን አስቀምጠውታል። ሜይ 4 ማታ በሁለት ሰዓት ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ይላሉ፤ በማግሥቱ፣ የጀርመን ጦር በ1945 እጁን የሰጠበትን ቀን በደስታ ያከብራሉ። እኛ ዘንድ በየካቲት 12 እና በሚያዝያ 27 መካከል ሁለት ወር ተኩል አለ፤ ሰማዕቱና ድሉ በአንድ እስትንፋስ አይነሡም። በዚያ ላይ ተዘዋዋሪው ፋሲካ አለ። በ2005 እና በ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ በዚሁ ቀን ሲውል በየቤቱ ዶሮ ወጡ እንጂ የአራት ኪሎው ሥነ ሥርዓት ትዝ ያለው ሰው ጥቂት ነበር ብል አልተጋነነም።

ጦርነቱ ራሱ ሚያዝያ 27 ቀን አላለቀም። አምባ አላጌ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር ሁለት ሳምንት ቆየ። ጣሊያናዊው ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከቁልቋል በር ጀምሮ በነበረው ውጊያ አርበኞች ከብሪታንያ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋግተዋል። የምሥራቅ አፍሪካው የጣሊያን ጦር ያበቃለት በዚያ ቀን ነበር፤ ኅዳር 18ን ግን ዘውዱም፣ ደርግም፣ ከእነሱ በኋላ የመጣውም መንግሥት ብሔራዊ በዓል አላደረጉትም።