ዳኛውን ማን ላከው? የፊገር ስኬቲንግ ዳኝነትና የፌዴሬሽኖች እጅ

እ.ኤ.አ. በ1927 ኦስሎ ላይ በተካሄደው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና አምስት ዳኞች ተሰይመው ነበር፤ ሦስቱ ኖርዌያውያን። ሦስቱም የ14 ዓመቷን የአገራቸውን ልጅ ሶንያ ሄኒን አንደኛ አሏት። ኦስትሪያዊውና ጀርመናዊው ዳኛ ደግሞ አምስት ጊዜ ዋንጫ የወሰደችውን ኸርማ ሳቦን መረጡ። ሄኒ ሦስት ለሁለት አሸነፈች። ጫጫታው ሲበረታ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ከአንድ አገር ከአንድ ዳኛ በላይ እንዳይቀመጥ ደነገገ።

ድንጋጌው ተገቢ ነበር፤ ግን የቆጠረው ፓስፖርት ብቻ ነው። ዳኛውን የሚያጨውና ወደ ውድድር የሚልከው የአገሩ ፌዴሬሽን ነው። ሜዳልያ ሲገኝ የሚሞገሰው፣ ሲታጣ የሚወቀሰውም ያው ፌዴሬሽን። ከዚያ ወዲህ የመጡት ማሻሻያዎች ሁሉ ይህን አንድ ነገር ዙሪያውን ይዞሩታል እንጂ አይነኩትም።

የ2002ቱ የሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ነገሩን በአደባባይ አወጣው። በጥንዶች ውድድር ሩሲያዊው አንቶን ሲካሩሊድዜ ከድርብ አክስል ዝላይ ሲያርፍ ተንገዳገደ። ካናዳውያኑ ጄሚ ሳሌና ዴቪድ ፔልቲዬ ያለ እንከን ጨረሱ። ወርቁ ግን አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለሲካሩሊድዜና ለኤሌና ቤሬዥናያ ሆነ፤ የሩሲያ፣ የቻይና፣ የፖላንድ፣ የዩክሬንና የፈረንሳይ ዳኞች በአንድ ወገን ቆመው። ፈረንሳዊቷ ማሪ ሬን ለጉኝ በሆቴሉ መግቢያ አዳራሽ ከእንግሊዛዊቷ የቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሳሊ ስቴፕልፎርድ ጋር ስትገናኝ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ የፌዴሬሽኗ ፕሬዚዳንት ዲዲዬ ጋያጌ ለሩሲያውያኑ ድምፅ እንድትሰጥ ጫና እንዳደረገባት ተናገረች። ልውውጡ በበረዶ ዳንስ ለፈረንሳውያኑ የሚሰጥ ድምፅ ነው ተባለ። ኋላ ቃሏን አጠፈች፤ ጋያጌም አስተባበለ። ሁለቱም ለሦስት ዓመት ታገዱ፤ ለካናዳውያኑ ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። የሩሲያውያኑ ፕሮግራም በቅንብሩ ይበልጣል ብሎ በቅንነት መፍረድ ይቻል ነበር። የድርድሩ ክፋትም እዚያው ነው፦ ሊያስኬድ የሚችለው ፍርድ እንኳ የሚያምነው አጣ።

ኅብረቱ የድሮውን ባለ 6.0 አሰጣጥ ጥሎ በ2004 አዲስ የነጥብ ሥርዓት አጸደቀ፤ ከዚያም በፊት የትኛው ዳኛ ምን እንደሰጠ እንዳይታወቅ ስም መደበቅ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ዳኛውን ከፌዴሬሽኑ ቁጣ መከለል ነው። ነገር ግን ለአለቃው በጆሮው ሹክ ማለት የሚፈልግን ዳኛ ማን ይከለክለዋል? የተከለለው ሕዝቡና ጋዜጠኛው ሆነ። የዳርትመዝ ኮሌጁ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኤሪክ ዚትዘዊትዝ ከለውጡ በፊትና በኋላ የነበሩትን ነጥቦች ሲመረምሩ ለአገር ልጅ ማድላት እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ጥቂት እንደጨመረ አገኙ። ጉልቻው ተለዋወጠ እንጂ ወጡ ያው ነበር።

የ2014ቱ የሶቺ ኦሊምፒክ የዚህ ስውር ዘመን ፈተና ነበር። በሴቶች ውድድር ሩሲያዊቷ አዴሊና ሶትኒኮቫ 224.59፣ ደቡብ ኮሪያዊቷ ዩና ኪም 219.11። ሶትኒኮቫ በነጻው ፕሮግራም አንድ ባለሦስት ዙር ዝላይ ጨምራ ሠርታለችና ውጤቱን ዝርፊያ ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። የዳኞቹ ወንበር ግን ያሳፍራል። አንዷ ዳኛ አላ ሼኮቭትሶቫ የሩሲያን ፌዴሬሽን ለረጅም ዓመታት የመሩት የቫለንቲን ፒሴዬቭ ባለቤት ናት። ሌላው ዩክሬናዊው ዩሪ ባልኮቭ፣ በ1998ቱ ናጋኖ የበረዶ ዳንስ ውጤት አስቀድሞ ለመወሰን ሲሞክር በስልክ ተቀድቶ ለአንድ ዓመት የታገደ ሰው ነው። ድምፁን የቀዳችው ካናዳዊት ዳኛ ጂን ሴንፍትም ራሷ ለአገሯ አድልታለች ተብላ ለስድስት ወር ታግዳለች! ይህን ያየ ዳኛ ለማጋለጥ ምን ያተጋዋል?

አዲሱ ሒሳብ መከላከያ እንዳለው ይነገራል፤ ከዘጠኙ ነጥቦች ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይሰረዛሉ። አዋቂ አድሎኛ ግን ጎልቶ አይወጣም። ባለአራት ዙር ሉትዝ መነሻ ዋጋው 11.50 ቢሆን፣ የጥራት ነጥቡን በአንድ እርከን ከፍ ማድረግ 1.15 ያህል ነው፤ ለሰባት ሲካፈል ወደ 0.16 ይወርዳል። ኢምንት ይመስላል። ለራስ ልጅ በየእንቅስቃሴው አንድ እርከን ጨምሮ ለተፎካካሪው አንድ እርከን ሲቀነስ ግን ተደምሮ የሜዳልያ ቀለም ሊቀይር ይችላል፤ አንዱም ነጥብ ለብቻው ሲታይ ነውር የለበትም።

ስም መደበቁ በሰኔ 2016 በዱብሮቭኒክ ጉባኤ ተሻረ። ፍሬው ፈጥኖ ታየ፤ ከ2018ቱ ፒዮንግቻንግ በኋላ ቼን ዌይጓንግና ኋንግ ፌንግ የተባሉ ቻይናውያን ዳኞች ለአገራቸው ልጆች በማድላት ታገዱ፣ ከቤጂንግ ኦሊምፒክም ተከለከሉ። ቅጣቱ ያረፈው በወንበሩ ላይ በተቀመጡት ላይ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ስላሉት ለማወቅ ወደዚያው የዱብሮቭኒክ ጉባኤ መለስ ማለት ይበቃል። የኅብረቱን ፕሬዚዳንትነት ኔዘርላንዳዊው ያን ዳይኬማ ሲያሸንፉ ከተሸነፉት ዕጩዎች አንዱ፣ እገዳውን ጨርሶ በ2007 ወደ ፈረንሳይ ፌዴሬሽን ወንበሩ የተመለሰው ዲዲዬ ጋያጌ ነበር።