ቃልና ፍቺ በሸሕዲ

በሸሕዲ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደብተር ላይ አዘውትረን የምናየው ሁለት ዓምድ ነው፤ በግራ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ፍቺ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ለሚሰጠው ወጣት ይህ ድካም የፈተና ጣጣ ብቻ አይደለም፤ ወደ ታሪኩም ወደ ሥነ ሕይወቱም የሚገባበት በር ይኸው ነው።

ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከጂ.ፒ. ሞስባክ ጋር አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1973 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አዲስ አበባ ላይ የታተመው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ትልቁ ዋጋው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከቃላቱ ብዛት ይልቅ ለአንድ ቃል የተለያየ ፍቺ ሰጥቶ እያንዳንዱ በምን አገባብ እንደሚውል በቅንፍ ማመልከቱ ነው። ደብተሩ የሚጥለው ግን ይህንኑ ቅንፍ ነው፤ ተማሪው የመጀመሪያዋን ፍቺ ገልብጦ ቀሪውን ይተዋል።

ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ደግሞ ሌላ ችግር ታከለ። «ሪአክሽነሪ» አድኃሪ ሲባል፣ ዳዊት ያልደገመ ልጅ አንዱን እንግዳ ቃል በሌላ እንግዳ ቃል ለመረዳት ይገደዳል። «ኦብጀክቲቭ»ን ነባራዊ ማለት ይሻላል፤ ነባር የሚለውን ገበሬውም ያውቀዋልና። ከሁሉም የሚያስደስተኝ ግን የ«ፕሮሌታሪያን» አቻ የሆነው ወዛደር ነው። ወዝና አደር ተጋጥመው በወዙ የሚያድረውን ሰው በዓይነ ኅሊና ያመጡታል።

እዚህ ላይ መተማ ራሷ አስተማሪ ናት። ለክረምቱ አረምና ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ አገሩ ሳሉግ ይለዋል። ሳሉግ ወዛደር ነውን? ጉልበቱን መሸጡን ያየ፣ ነው ይላል። ነገር ግን አጨዳው ሲያልቅ ወደ ደጋው፣ ወደ ቤተሰቡ ማሳ የሚመለስ ሳሉግ ጥቂት አይደለም፤ «ፕሮሌታሪያን» ደግሞ ከጉልበቱ በቀር የሚመለስበት ነገር የሌለው ነው። ይህን ልዩነት አንሥቶ ተማሪዎቹን ያከራከረ መምህር የእንግሊዝኛውንም የአማርኛውንም ቃል በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሯል።

ያው ልጅ ከገላባት የሚሻገረውን ነጋዴ ዐረብኛ ያለ መዝገበ ቃላት መልመዱን ማስተዋል ይገባል፤ ቃሉን የሚሰማው ከሚዛኑ፣ ከዋጋውና ከክርክሩ ጋር ነው። ለእንግሊዝኛውም ደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ ቢጨመርበት፣ ተማሪው ከሠፈሩ ኑሮ የወሰደውን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጽፍበት መልካም ነበር። ሳሉግ ከተባለው ሰው ቢጀምር ደግሞ እመርጣለሁ፤ ለእርሱ የሚሆን የእንግሊዝኛ አቻ ሲፈልግ ከአንድ ቃል በላይ ማገላበጡ አይቀርም።